በሌሉበት የተመረጡት ሰባት

መርሳ ላይ የመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤት የተመረጠው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከወልድያ፣ ከአውራጃው፣ ትእዛዝ መጣ፤ ማዘጋጃ ቤት ያለው ከተማ ሁሉ ከቤት ባለቤቶቹ መካከል ሰባት ሰው መርጦ ምክር ቤት ያቋቁም የሚል። ይህን ለሕዝቡ የማስረዳት ሥራ የወደቀው በማዘጋጃ ቤቱ ሹም በአቶ ግርማ ላይ ነበር። ግርማ ከደሴ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ክራቫቱን የማይፈታ ሰው ነው። ጨዋ ነው፤ ግን ሰው ሲያነጋግር ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል።

ሕዝቡ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ግርማ ምክር ቤት ማለት ከተማው ስለ ራሱ ጉዳይ የሚመክርበት ነው እያለ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሰው ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ነበር የመጣው። ‹የሚመረጡት ሰዎች የከተማው ግብር ሲጎድል ከኪሳቸው ይሞላሉ› የሚል ወሬ ሰንብቷል፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ስለዚህ አንዱ ሲጠቆም «እኔ ዓይኔ ደክሟል» ይላል፤ ሌላው «እኔ ቆላ የምወርድበት ጊዜ ነው» ይላል። አንዱማ ቤቱን ለወንድሙ ከሸጠ መክረሙን እዚያው አስታወቀ። ወንድሙ አጠገቡ ቁሞ ነበር፤ ነገሩን የሰማው ገና ያኔ ነው።

ፀሐይዋ በረታች። ሰዉ ቶሎ ሂድ ቢባል ደስታው ነው፤ ግርማ ደግሞ ሰባት ሰው ሳይዝ መመለስ አይችልም። በመጨረሻ አቶ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ግርማን፣ «እዚህ ያለነው ሁላችንም አፍ አለን፤ ስትጠቁመን እምቢ እንላለን። ያልመጣ ሰው ግን እምቢ አይልም። ለምን የቀሩትን አንመርጥም?»

ጭብጨባው ዋርካው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። ያልመጣ ቤት ያለው ሰው ማን ነው እየተባለ ስም ተጠራ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ግርማ ትእዛዙን ገልጦ ደጋግሞ አየ፤ ተመራጩ ስብሰባው ላይ መገኘት አለበት የሚል ቃል አጣበት።

ከሰባቱ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ነበረች። አስካለ የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ቤቷ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሻይ፣ ዳቦና ፍርፍር እየሸጠች ትኖራለች። በምርጫው ቀን ለእህቷ ልጅ ክርስትና ሄዳ ውርጌሳ ነበረች። ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ረዳቱ «እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አላት።

«በምን?»

«ተሾሙ እኮ።»

የሚያሾፍባት መስሏት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መርሳ ስትወርድ ግን ጎረቤቶቿ በእልልታ ተቀበሏት፤ እልልታው መሐል ሳቅ አለበት። ነገሩን ከሰማች በኋላ ጥቅልሏን በሯ ላይ አስቀምጣ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ማዘጋጃ ቤት አቀናች።

«አልፈልግም ልል ነው የመጣሁት» አለችው ግርማን።

ግርማ ወንበር ሳበላት። «እትዬ አስካለ፣ መልቀቂያ የምቀበለው እኔ አይደለሁም። ምክር ቤቱ ነው።»

«ምክር ቤቱ ማነው?»

«እርስዎና ስድስቱ።»

«እና?»

«እናማ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ ሰብሳቢ መርጦ፣ የእርስዎን መልቀቂያ ይቀበላል።»

አስካለ ትንሽ አሰበች። «ይኸ የተጻፈ ነው ወይስ ካንተ የመጣ ነው?»

«የተጻፈ ነው» አለ ግርማ። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

ለስድስቱም ይህንኑ ነው የመለሰላቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ግርማ ሰው ይቀርብኛል ብሎ ሲሰጋ ሰባቱም ከሰዓቱ ቀድመው መጡ። ሁሉም ለመልቀቅ ነው የመጡት። ሼህ አብዱልጀሊል የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በምርጫው ቀን ዕቃ ሊያመጡ ደሴ ነበሩ። አቶ ወልደገሪማ አባቱ ከትግራይ የመጡ የጨው ነጋዴ ነው፤ እሱም ጨው ሊጭን ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። ፈንታው ልብስ ሰፊው ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። የቀሩት ሦስቱ በከተማው ጠርዝ ቤት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው፤ ማሽላቸውን ከወፍ ሲጠብቁ ነው ስማቸው የተጠራው።

«እኔን ጋቢ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ ነው የመረጣችሁኝ» አለ ፈንታው፣ መራጮቹ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ይመስል። «እንዲህ ያለ ሹመት ታይቶም አይታወቅ።»

«በል እንግዲህ ሰብሳቢ እንምረጥና እንለቅ» አለ ወልደገሪማ። «ሼህ አብዱልጀሊል ታላቃችን ናቸው፤ እሳቸው ይሁኑ።»

ሼሁ ጢማቸውን ዳበሱ። «ወላሂ ነገርህ ጥሩ ነበር። ግን ሰብሳቢ ከሆንሁ የናንተን መልቀቂያ እኔ እቀበላለሁ። የኔን ማን ይቀበለኛል? ሁላችሁ ሄዳችሁ እኔ ብቻዬን ምክር ቤት ሁኜ ልቀር ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩ ገባው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ተይዞ የሚቀር ነው። «አንተ ሁን» «የለም አንተ ሁን» መባባል ተጀመረ። ገበሬዎቹ «እኛ መንገዳችን ሩቅ ነው» አሉ፤ ፈንታው «ወባው ሊመለስብኝ ነው» አለ።

በዚህ መሐል ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ደጁ ላይ ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ ያኔ መንገድ ዳር ያለች፣ በኖራ የተለሰነች የጭቃ ቤት ናት፤ አንዲት መስኮት አለቻት። አንድ ተሳፋሪ በጥድፊያ ወርዶ ዙሪያውን ቃኘና የሚያየኝ ሰው የለም ብሎ ከመስኮቷ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። ምክር ቤቱ ዝም አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሰውዬው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነበርና ቶሎ አልጨረሰም። ግርማ አንገቱ ድረስ ቀላ። ሰውዬው ሱሪውን አስተካክሎ ሲሄድ መጀመሪያ የሳቀው ወልደገሪማ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፤ ሼሁ እንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ።

አስካለ ግን ከሳቀች በኋላ ፊቷ ተለወጠ።

«ይኸ ወንድ ነው፤ ግድግዳ ይበቃዋል» አለች። «ሴቷን አስባችኋት ታውቃላችሁ? እኔ ቤት ትገባለች፣ ጥሟት ከንፈሯ ደርቋል። ‹ሻይ ላምጣልሽ?› ስላት ‹አይ፣ ይቅርብኝ› ትላለች። ውኃም አትጠጣም። ለምን ይመስላችኋል? ዞር የምትልበት ስለሌላት ነው። ወልድያ እስክትደርስ እንደዚያው ሁና ነው የምትሄደው። አንዲት ነፍሰ ጡር ባለፈው እኔ ጓሮ ሙዙ ውስጥ አስገብቻት በነጠላ ጋርጄላታለሁ።»

ስድስቱ ወንዶች ሳቃቸውን አቆሙ። በየቤታቸው እናት፣ ሚስት፣ እህት አለቻቸው፤ ሁሉም ያን መንገድ የሄዱ ናቸው።

«እንልቀቅ፣ እኔም መልቀቁን አልተውሁትም» አለች አስካለ። «ግን ከመልቀቃችን በፊት ይችን አንዲት ነገር ብንወስን ምን እንሆናለን? ለመንገደኛው ሽንት ቤት እንሥራ። ሠርተን እንሂድ።»

ሼሁ ዙሪያውን ተመለከቱ። «አንድ ነገር ብቻ ከሆነማ ሰብሳቢነቱን ለጊዜው እይዘዋለሁ» አሉ። «ለጊዜው ነው፤ ይመዝገብልኝ።»

ሁሉም የሳምንት ሥራ መስሏቸው ነበር። ችግሩ ቦታው ላይ መጣ። ሽንት ቤት ይሠራ ሲባል የሚቃወም አንድ ሰው የለም፤ እዚህ ይሠራ ሲባል ግን የሚፈቅድ አንድ ሰው አይገኝም። በመስጊዱ በኩል ቢባል አይሆንም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ቢባል ያስነውራል። የእህሉ ተራ አጠገብ ቢባል ነጋዴው ተንጫጫ። አስካለ ራሷ ጓሮዋን ልትሰጥ አስባ ነበር፤ ግን ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳበት የውኃ ጉድጓድ እዚያው ሥር ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሳይስማሙ ይለያያሉ። ሕዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ፤ ማሽላው ታጭዶ ተወቃ።

አንድ ሐሙስ ፈንታው ፊቱ በርቶ መጣ።

«አገኘሁት» አለ። «አውቶቡሱ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ያ በቁልቋል የታጠረ ባዶ ቦታ። የግራዝማች ሙላቱ።»

ቦታውን ሁሉም ያውቀዋል። ግራዝማች ሙላቱ ወልድያ የሚኖሩ ባለርስት ናቸው፤ መርሳ ያለ ቦታቸውን መጥተው ካዩት ዓመታት አልፈዋል። ቁልቋሉ ብቻ ይጠብቀዋል። ግርማም ትእዛዙን አገላብጦ፣ ሳይሠራበት የከረመ ባዶ ቦታን ምክር ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ሊወስነው ይችላል አለ።

«ይኸው!» አለ ፈንታው። «እሳቸው የሉም። ያልመጣ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሼሁ እጅ አስወጡ፤ አንድ በአንድ ወጣ። አስካለ ግን እጇን ከጭኗ ላይ አላነሣችም።

«ምነው አስካለ?» አሉ ሼሁ። «ነገሩን ያመጣሽው አንቺ፣ የምትቀሪው አንቺ?»

«ሼሁ፣ እኔ ከውርጌሳ መጥቼ ስሜን ከረዳት አፍ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ?» አለች። «ሹመቱ አይደለም ያናደደኝ። ሳልኖር መወሰኑ ነው። ሰው ስለ እኔ ሲመክር፣ ሲስቅ፣ እጅ ሲያወጣ እኔ የለሁም። እናንተስ? ፈንታው፣ አንተ እስከ ዛሬ ታወራዋለህ። አሁን እኛው ዞረን በግራዝማች ላይ ልናደርገው ነው?»

«ሕጉ ይፈቅዳል» አለ ግርማ ዝግ ብሎ።

«የኛንም ምርጫ ሕጉ ፈቅዷል» አለችው።

የወጡት እጆች ተራ በተራ ወረዱ። ፈንታው የመጨረሻው ነበር፤ እጁን አውርዶ አንገቱን አከከ። «እሺ ምን ይሻላል?» አለ።

«ሂደን እንጠይቃቸው። እምቢ ቢሉን እምቢታቸውን ከራሳቸው አፍ እንስማ።»

ወደ ወልድያ የሄዱት ሦስት ናቸው፤ ሼህ አብዱልጀሊል፣ ወልደገሪማና አስካለ። ማለዳ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ የተጨነቁት በአንድ ነገር ነበር፤ ለግራዝማች እንዴት ተብሎ ይነገራል? ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለማዕረግ ሽማግሌ ፊት ቁሞ ‹ርስትዎን ለሽንት ቤት ይስጡን› ማለት ከአፍ አይወጣም።

«ለኔ ተዉት» አሉ ሼሁ። «ነገር በወግ ሲነገር ይለዝባል።»

የግራዝማች ቤት ከከተማው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ሁኖ ወልድያ ከነገበያዋ ትታያለች። ግራዝማች ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው አገኟቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ከመርሳ ምክር ቤት ነው የመጣነው ሲሏቸው ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ከመርሳ ሰው ሲመጣብኝ ለክስ ነው» አሉ። «ተቀመጡ። ማነው የከሰሰኝ?»

«ማንም አልከሰሰዎት ጌታዬ» አሉ ሼሁ። ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ መንገደኛ ድካም ተናገሩ፤ እንግዳን ያስተናገደ ሰው ከአላህ ዘንድ ምንዳው ብዙ እንደሆነ ተናገሩ፤ ከተማው በመንገዱ ዳር ለተሳፋሪው አንዲት ማረፊያ ሊሠራ ማሰቡን፣ ግራዝማችም ቦታውን ቢሰጡ የስንቱን ምርቃት እንደሚያገኙ ተናገሩ። በእውነት የሚያምር ንግግር ነበር። የግራዝማች ግንባር እየተፈታ፣ እየተፈታ ሄደ።

«ማረፊያ» አሉ። «ይኸማ ደግ ነገር ነው። አባቴም እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ስማቸው ይጻፍበት ይሆን? ከበሩ በላይ፣ በድንጋይ ላይ?»

ሼሁ ላብ አጠመቃቸው። ወልደገሪማ በድንጋጤ «ይጻፋል ጌታዬ፣ በትልቁ ይጻፋል» ብሎ ቁጭ አለ።

አስካለ ያን የድንጋይ ጽሑፍ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ከሥሩ ተሳፋሪው ሱሪውን ይዞ ሲሮጥ ታያት። ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ግራዝማች፣ ይቅር ይበሉን» አለች። «ሼሁ አፍረው ነው እንጂ ሊያታልሉዎት አይደለም። ማረፊያ ያልነው ሽንት ቤት ነው።»

ወልደገሪማ ዓይኑን ጨፈነ። «ወይ ሓፍተይ» አለ በአፉ ውስጥ፣ ወይ እህቴ ማለቱ ነው። ግራዝማች ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ።

«ሽንት ቤት» አሉ።

«አዎ ጌታዬ። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ። ለሴቱ አንድ በር፣ ለወንዱ አንድ በር።»

«ምክር ቤት ነን ብላችኋል። ሳትጠይቁኝ ልትወስዱት አትችሉም ነበር?»

«እንችል ነበር። ግን እኛም ሰባታችን የተመረጥነው በሌለንበት ነው። እንዴት እንደሚከፋ ስለምናውቀው እርስዎን ሳንጠይቅ ማድረጉን ጠላነው።»

«በሌላችሁበት? እንዴት ያለ ነው?»

አስካለ ነገረቻቸው። ስለ ወፍ ጠባቂዎቹ ገበሬዎች፣ ስለ ፈንታው ወባ፣ ለመልቀቅ ተሰብስበው ሰብሳቢ ማጣታቸውን፣ በመስኮቱ ሥር ስለቆመው ሰውዬ ሁሉንም ነገረቻቸው። ግራዝማች መጀመሪያ በጋቢያቸው ውስጥ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። ከቤት ሠራተኛዪቱ ደንግጣ ብቅ አለች፤ እንዲህ ሲስቁ ከሰማች ቆይታለች መሰል።

ሳቁ ሲበርድላቸው ድምፃቸው ተለወጠ።

«ልጄ ደሴ ናት» አሉ። «እዚያው አግብታ፣ ሦስት ወልዳለች። የመጨረሻውን ልጅ አላየሁትም። በየበዓሉ ‹አባዬ ይምጡ› ትላለች፤ እኔ ደግሞ ‹ጉልበቴን አሞኛል› እላለሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው። ሰውነት ሲያረጅ ቀጠሮ አያከብርም፤ ነገሩ ይኸ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ስሄድ መርሳ ላይ ወረድሁ፤ ዞር የምልበት አጣሁ። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ ሰዉ ሁሉ ያውቀኛል፣ እጅ ይነሣኛል። ከዚያ ወዲያ መኪና አልተሳፈርሁም።»

ሦስቱም አቀረቀሩ። ግራዝማች ግን አላፈሩም፤ እንዲያውም ሸክም ያወረደ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ውሰዱት» አሉ። «ቁልቋሉንም ጨምራችሁ ውሰዱት። ስም ግን እንዳትጽፉበት። የኔንም የአባቴንም።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ መልቀቅ ያነሣ አልነበረም። ሼሁ ያን ሁሉ ንግግር ያበላሸችባቸውን አስካለን አንድ ሁለት ጊዜ በጎን አይተው «አንቺ ሴትዮ፣ አላህ ምላስሽን ይጠብቅልሽ» አሏት። ቁጣ ይሁን ምርቃት ለማወቅ ያስቸግራል።

ጥር ላይ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ሦስቱ ገበሬዎች ከየመንደራቸው ጎረምሳ ይዘው መጡ፤ ወልደገሪማ ቆርቆሮ ከወልድያ አስጫነ፤ ያን ቀን ዋርካ ሥር እምቢ ሲሉ የነበሩት ሁሉ ድንጋይ ሲያቀብሉ ዋሉ። አናጢው የሴቶቹን በር መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል ገጥሞት ነበር፤ «በሩ በነፋስ እንዳይከፈት» አለ። አስካለ አስነቀለችው። «ከውስጥ ነው» አለችው። «የምትገባው ሴት ትዝጋው፤ ነፋሱ ምን ይሠራል?»

ጥበቃና ጽዳቱ ለረሂማ ተሰጠ። ረሂማ ልጆቿን ያሳደገች፣ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ሴት ናት። ውኃ በማሰሮ እየሞላች በጣሳ ለገቢው ትሰጣለች፤ ሳያጸዳ የወጣውን ደግሞ ባለክራቫት ይሁን ባለነፍጥ አውቶቡሱ ድረስ ተከትላ ትመልሰዋለች። ሁለት ሾፌሮች ከእሷ ጋር ተጣልተው ታርቀዋል።

የተመረቀ ዕለት ግርማ ጥብጣብ ወጥሮ ጠበቀ። ከተማውም ተሰበሰበ። ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ጥብጣቡን፣ መቀስ የያዘውን ባለክራቫት አየ፤ አንድም ሰው ወደ በሩ ዝር አላለም። አንዱ ተሳፋሪ ሱሪውን ጨብጦ ሲቁነጠነጥ ይታያል፤ ግን አይሄድም።

«ምንድነው የምትጠብቁት?» አለች አስካለ ለሕዝቡ። «እናንተ ቆማችሁ እያያችሁት ማነው የሚገባ? ወደየቤታችሁ።»

ግርማ ጥብጣቡን ሳይቆርጠው ራሱ ፈትቶ ጠቀለለው፤ ሕዝቡ ተበተነ። ወዲያው ተሳፋሪው ተሰለፈ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች አስካለ ቤት ገብተው ሻይ አዘዙ፤ ጠጥተው ደገሙ።

መጋቢት ላይ ግራዝማች ሙላቱ ከወልድያ መጡ። አስካለ ከበሯ ሁና አየቻቸው፤ ዘንጋቸውን ይዘው ከአውቶቡሱ ቀስ ብለው ወረዱ። ሰው ሁሉ እጅ ሊነሣ ተነሣ። እሳቸው በእርጋታ ሰላምታ ሰጥተው «ዞር ብዬ ልምጣ» አሉ። ሲመለሱ አስካለ ቤት ተቀመጡ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ብርቱካን በቅርጫት አስሞሉ። ሼህ አብዱልጀሊልም ሱቃቸውን ትተው መጡ። ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ጉልበት፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ዕድሜ ሲያወሩ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ጠበቃቸው። ግራዝማች ደሴ ከርመው የተመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ በ1961 ዓ.ም. ተደረገ። ያን ቀን መርሳ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። ገበሬው ማሽላውን ለወፍ ትቶ መጣ፤ አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመውት መጡ። በከፊል ፍርሃት ነው፤ በከፊል ግን ሰዉ ምክር ቤቱን ወዶታል። አሁን «እኔ ልሁን» የሚል በዛ። አስካለ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ከዋርካው ሥር ቆመች።

«ባለፈው ሳልኖር መርጣችሁኛል» አለች። «ዛሬ አለሁ። የምፈልገውንም ልንገራችሁ፤ ከተራራው ሥር ካለው ምንጭ ውኃ በቧንቧ ገበያችን ድረስ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ይኸን ከወደዳችሁ ምረጡኝ፤ ካልወደዳችሁ ተዉኝ።»

መረጧት። ከእሷ ጋር ሌላ ሴትም ገባች፤ ሼሁ፣ ፈንታውና ወልደገሪማም ዳግመኛ ተመረጡ። ስለ ቧንቧው ሁለት ዓመት ተከራከሩ፤ በ1963 ውኃው መጣ። በስልሳ አምስቱ ድርቅ ከሰሜን የተሰደደው ሰው በዚያ መንገድ ሲወርድ ያ ቧንቧ ስንቱን እንዳቆየ እግዜር ይወቀው፤ ያን ዓመት ሼሁም አስካለም ስለ ምክር ቤት ሳይሆን ስለ ቂጣና ስለ ገንፎ ነበር የሚመክሩት።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። በ1966 ማለቂያ ላይ ነገሩ ሁሉ ተናወጠ፤ በአዲሱ ዓመት መባቻ ደግሞ የድሮው ምክር ቤት ቀርቷል የሚል ወሬ ደረሰ። ግርማ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ነበር። ወሬውን ለአስካለ ያመጡላት ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው፤ ሊጥ ስታቦካ አገኟት።

«በቃ ተበተንን» አሏት።

አስካለ እጇን ከሊጡ አወጣች። «ሼሁ፣ ቅር አለኝ ብል ይስቁብኛል?»

«አልስቅም። እኔም ሱቄን ከፍቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ምን እንደሆንሁ አሁን ገባኝ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ፈንታው በልማዱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደና በሩን ዝግ ቢያገኘው አስካለ ቤት ገባ። ወልደገሪማም ጨው አስራግፎ ሲያልፍ አያቸውና ተቀመጠ፤ ሼሁም መጡ። ያን ክረምት ጎርፍ ገበያውን አቋርጦ ሁለት የቅመም ተራዎች ወስዶ ነበር። ፈንታው ቦዩ በላይ በኩል ይቆፈር አለ፤ ወልደገሪማ በታች በኩል ይሻላል አለ። የሚወስን ሥልጣን አንዳቸውም የላቸውም። ሼሁ ለዐስር ሶላት እስኪነሡ ድረስ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም።